1 ሚሊዮን ወርቅና 11 ተሰላፊዎች
በብለድ ቦውል የመጀመሪያ ቡድናችሁን እንዴት ትመሠርታላችሁ?

ብለድ ቦውል የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ታውቁታላችሁ? በተለይ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ስሙን ከልጃችሁ አፍ ሰምታችሁ ይሆናል። ጨዋታውን የፈጠረው ጀርቪስ ጆንሰን ሲሆን፣ አሳታሚው ዛሬ መቀመጫው በእንግሊዝ ኖቲንግሃም የሆነው ጌምስ ወርክሾፕ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካን እግር ኳስ ከተረት ዓለም ፍጥረታት ጋር ያዋሃደ፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

ብዙዎች ሣጥኑን በጉጉት ከፍተው ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ ይተዉታል። አንዱ ምክንያት ቡድኑ ሲመሠረት የሚሠራ ስሕተት ነው። በሊግ ስትጫወቱ ቡድናችሁ ከግጥሚያ ወደ ግጥሚያ አብሯችሁ ይጓዛል። ጥሩ የተጫወተ አዲስ ችሎታ ይማራል፤ የተጎዳ ጉዳቱን ይዞ ይቀጥላል፤ የሞተም አይመለስም። በመጀመሪያው ምሽት ግማሽ ቡድኑን ያጣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ለሁለተኛው ምሽት መቀመጡ ያጠራጥራል። ስለዚህ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ማውጣት አብሮ የመጫወቱን ነገር የሚወስን ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙና ስለ ሥዕሉ

የጨዋታው ስም ደምን ይጠራል፤ ሜዳው ላይም ጡጫና ግፊያ ይበዛል። ከቡድኖቹ መካከል ከመቃብር የተነሡ ሙታን የሚሰለፉባቸው፣ በልብ ወለዱ የክፋት አማልክትን የሚያመልኩም አሉ። እነዚህን በቤታችሁ ማየት ካልፈለጋችሁ መብታችሁ ነው፤ ጨዋታው አይጎድልም። ሰዎች፣ ድዋርፎች፣ ኤልፎችና ሀፍሊንጎች የሚሰለፉባቸው ቡድኖች ሞልተዋል። ለልጃችሁ «አይሆንም» ብቻ ከማለት፣ የደንብ መጽሐፉን አብራችሁ ገልጣችሁ «ከእነዚህ ምረጥ» ማለት የተሻለ ውይይት ይከፍታል።

ጨዋታው በአጭሩ

ሜዳው በርዝመቱ 26፣ በወርዱ 15 አራት ማዕዘኖች አሉት። በአንድ ጊዜ 11 ተጫዋቾች ታሰልፋላችሁ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ በአንድ አጋማሽ 8 ተራ አለው። ኳሷን ይዞ የተቃራኒውን መጨረሻ መስመር የረገጠ ተችዳውን ያስቆጥራል። ውጤቱን የሚወስነው ዛህራ፣ ልጆች ዳይስ የሚሉት፣ ነው። ትልቁ ሕግ ይህ ነው፦ በተራችሁ የራሳችሁ ተጫዋች ከወደቀ ተራችሁ እዚያው ያበቃል። ያልተንቀሳቀሱት ሁሉ ባሉበት ይቀራሉ።

ይህን ሕግ በልባችሁ ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእርሱ ይወጣል።

ሚሊዮኑን ማከፋፈል

በሊግ የሚጀምር ቡድን በተለምዶ 1,000,000 ወርቅ ይሰጠዋል። በዚህ ገንዘብ ቢያንስ 11፣ ቢበዛ 16 ተጫዋቾች ትቀጥራላችሁ። የሚከተሉት ዋጋዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ደንብ የተወሰዱ ናቸው። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል በእጃችሁ ባለው መጽሐፍ አመሳክሩ።

1. መጀመሪያ ዳግም መጣያ ግዙ። ዳግም መጣያ ማለት የከፋ ዛህራ ሲወጣ እንደገና የመጣል ዕድል ነው። ለሰዎች ቡድን አንዱ 50,000 ወርቅ ያወጣል። ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ግን ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ተጫዋች ነገም በዚያው ዋጋ ይገኛል፤ ዳግም መጣያ ግን አይገኝም። ስለዚህ ጀማሪ ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 ይዞ ይነሣ።

2. ቀጥሎ ብሎክ የሚባለውን ችሎታ ፈልጉ። ተጫዋቻችሁ ሌላውን ሲገጥም ልዩ ዛህራ ይጣላል። ከስድስቱ ገጾች ሁለቱ ገጣሚውን ራሱን ይጥሉታል። ብሎክ ያለው ግን የሚወድቀው በአንዱ ገጽ ብቻ ነው። ጓደኛ አጠገቡ ቆሞ ካገዘውና ሁለት ዛህራ ጥሎ የሚሻለውን ከመረጠ፣ ያለ ብሎክ የመውደቅ ዕድሉ ከ9 አንድ፣ ከብሎክ ጋር ደግሞ ከ36 አንድ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ሜዳ ላይም ይሠራል።

3. ወጌሻውን አትርሱ። በ50,000 ወርቅ የሚቀጠረው ወጌሻ በአንድ ግጥሚያ አንድ ጊዜ የተጎዳን ሊታደግ ይችላል። አንዳንድ የሙታን ቡድኖች ወጌሻ መቅጠር አይፈቀድላቸውም፤ ከሞተ በኋላ ምን ሊያደርግለት!

4. ተቀያሪ ያዙ። በ11 ተጫዋች ብቻ የጀመረ ቡድን አንድ ሰው ሲጎዳበት በ10 ይቀጥላል።

አንድ ምሳሌ

ለጀማሪ የሚመከረው የሰዎች ቡድን ነው። በምንም ነገር ከሁሉ የላቀ ባይሆንም የሚያቅተው ነገር የለም፤ ሁሉንም የጨዋታውን ክፍል ያስተምራል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

4 ብሊትዘሮች፣ እያንዳንዳቸው 85,000፦ 340,000
1 ኳስ ወርዋሪ፦ 80,000
2 ኳስ ቀላቢዎች፣ እያንዳንዳቸው 65,000፦ 130,000
5 ተራ ተሰላፊዎች፣ እያንዳንዳቸው 50,000፦ 250,000
3 ዳግም መጣያዎች፦ 150,000
1 ወጌሻ፦ 50,000

ድምሩ ልክ 1,000,000 ወርቅ ነው። ብሊትዘሮቹ ከነብሎክ ችሎታቸው ይመጣሉ። ወርዋሪው ኳስ ከመሬት ማንሣት ሲያቅተው እንደገና የመሞከር ችሎታ አለው። ቀላቢዎቹ ፈጣን ቢሆኑም አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ከግፊያው አርቋቸው። ተራ ተሰላፊዎቹ በስማቸው አትናቋቸው፤ መስመሩን የሚይዙት፣ ለሌላው ድጋፍ የሚቆሙት እነርሱ ናቸው።

ዓይን የሚስበው ኦገር

እዚህ ላይ በብዙ ቤት ክርክር ይነሣል። የሰዎች ቡድን አንድ ኦገር መቅጠር ይችላል። ግዙፍ ነው፣ የተራ ሰው ጉልበት 3 ሲሆን የእርሱ 5 ነው፣ ምስሉም ያምራል። ልጅ ሁሉ እርሱን ይፈልጋል። ዋጋው ግን 140,000 ወርቅ ነው። ኦገር፣ 4 ብሊትዘሮች፣ ወርዋሪና 6 ተራ ተሰላፊዎች ብትቀጥሩ 860,000 ይወጣል። ሁለት ዳግም መጣያ ስትጨምሩ 960,000 ይደርሳል፤ የቀረው 40,000 ለወጌሻ አይበቃም። ቀላቢም አንድ የላችሁም። በቅሎ ገዝቶ ኮርቻ ማጣት ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ኦገሩ ነገር ይጠፋዋል፦ ሊንቀሳቀስ ሲል ዛህራው 1 ካመጣ ፈዞ ይቆማል።

ታዲያ ኦገርን ፈጽሞ አትቅጠሩ ማለት ነው? አይደለም። በግጥሚያዎች ገቢ ሲገኝ በኋላ መቅጠር ይቻላል። ልጃችሁን «አሁን ወጌሻ፣ ቀጥሎ ኦገር» በሉት። ሁለቱንም ዝርዝር በወረቀት አስጽፉትና ራሱ ይደምር፤ ጎዶሎውን በራሱ እጅ ሲያገኘው ከእናንተ ምክር በላይ ያሳምነዋል።

በአንድ ጠረጴዛ ለምትቀመጡ

ባልና ሚስት ከሆናችሁ የሚገጥሟችሁን ቡድኖች አመጣጥኑ። ሀፍሊንጎች ርካሽ ናቸው፤ አንዱ 30,000 ብቻ ነው። ያስቃሉ፣ ግን ደካሞች ስለሆኑ ለለመደ ሰው የተተዉ ናቸው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሀፍሊንጎችን፣ ጀማሪው ሰዎችን ወይም ድዋርፎችን ይውሰድ። የድዋርፍ ተራ ተሰላፊ 70,000 ቢያወጣም ብሎክ አለው፣ ጠንካራ ስለሆነም በቀላሉ አይጎዳም። ቀርፋፋ ነው፤ ለተረጋጋ ሰው ግን ይመቻል።

ምስሎቹ ውድ ናቸው። ቤተሰቡ ጨዋታውን መውደዱ ሳይታወቅ ሁለተኛ ቡድን አትግዙ። ዳማ በቆርኪ የተጫወትን ሕዝብ ነን፤ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፎ ማሰለፍ ቡድኑን ለመሞከር ይበቃል። አንድ ሙሉ ግጥሚያ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ስለሚወስድ ልጆች የሚተኙበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አስቡ። ለመልመድ አንድ አጋማሽ ብቻ መጫወትም ይቻላል።

የሞተ ተጫዋች ጉዳይም አለ። ልጃችሁ ስም ያወጣለት፣ ቀለም የቀባው ብሊትዘር በክፉ ዛህራ ሊሞትበት ይችላል። ከሊጉ በፊት ተነጋገሩበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሚያዎች ሞትና ዘላቂ ጉዳት እንዳይቆጠር ብትስማሙ የሚከለክላችሁ የለም። ስምምነቱ ግን ዛህራው ከመጣሉ በፊት ይሁን። ከተጣለ በኋላ የሚወጣ ሕግ ጠብ ያመጣል።

እንግዲህ ወረቀትና እርሳስ አምጡ። በላዩ 1,000,000 ብላችሁ ጻፉ፣ ዳግም መጣያውን ቀንሱ፣ ወጌሻውን ቀንሱ፣ ከዚያ ለተጫዋቾቹ ስም ማውጣቱን ለልጆች ተዉላቸው። መልካም ጨዋታ!