ሶኮትራ፦ ሁሉም ስም አወጣላት፣ ባለቤቶቹን ግን ማን ጠየቃቸው?

የተዘረጋ ዣንጥላ የሚመስል ዛፍ፣ ሲቆረጥ እንደ ደም የቀላ ሙጫ የሚያፈስ። ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። "ሌላ ፕላኔት ነው" እየተባለ የሚዞረው ቪዲዮ የተቀረጸው እዚሁ ጎረቤታችን፣ ሶኮትራ ላይ ነው። ደሴቷ የየመን ናት፤ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ የምትርቀው 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከየመን ይልቅ ለሶማሊያ ትቀርባለች።

ስለ ደሴቷ ሲወራ አንድ ታሪክ አይጠፋም፦ "ታላቁ እስክንድር በመምህሩ በአርስቶትል ምክር ግሪኮችን አስፍሮባታል፣ ሕዝቧ የግሪክ ዘር ነው።" እውነት ነው እንዴ? ግማሹ ተረት ነው፣ ግማሹ ግን አይደለም። እስቲ እንለየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ ከየት መጣ?

በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች የሚዘረዝር የነጋዴዎች መመሪያ በግሪክኛ ጻፈ። ፔሪፕለስ ይባላል፤ አዱሊስንና አክሱምን የሚጠቅሰው ያው ጽሑፍ ነው። ሶኮትራን "ዲዮስኩሪዱ" ይላታል። ዲዮስኩሪ ደግሞ በግሪኮች እምነት መርከበኞችን የሚጠብቁ መንታ አማልክት ናቸው። በቃ፣ ስሙ የግሪክ ነው ማለት ነው?

አይቸኩል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ግሪኮቹ ቀድሞ የነበረ ስም ሰምተው ለራሳቸው ጆሮ በሚመች መንገድ ቀየሩት። የመጀመሪያው ስም የትኛው ነበር በሚለው ላይ ግን አይስማሙም። አንዳንዶቹ "ድቪፓ ሱኻዳራ" ከሚለው የሳንስክሪት አጠራር ነው ይላሉ፤ "የደስታ ደሴት" እንደማለት። ሌሎቹ በጥንታዊ የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፎች ላይ ስ-ክ-ር-ድ የሚሉ ፊደላት ያሉት ስም መገኘቱን ያነሳሉ። በዓረብኛ ደግሞ "ሱቅ" እና "ቀጥራ" ብለው የሚከፍሉት አሉ። ሱቅን እኛም እናውቀዋለን፤ ቀጥራ ጠብታ ነው። የዚያ ቀይ ሙጫ ጠብታ ገበያ! ደስ የሚል ትርጉም ነው፤ ግን ስሙ ከተለመደ በኋላ የተሰጠው ይመስላል።

ግሪኮችስ ነበሩ?

አዎ፣ ነበሩ። ፔሪፕለስ በደሴቷ ሰሜናዊ ዳርቻ ለንግድ የመጡ ዓረቦች፣ ሕንዶችና ጥቂት ግሪኮች እንደሚኖሩ ይናገራል።

ከ500 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ መጣ። አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ አዱሊስ ላይ የነበረው ሰው ነው። የሶኮትራ ሰዎች ግሪክኛ እንደሚናገሩ፣ ክርስቲያኖች እንደሆኑና ከእስክንድር በኋላ ግብፅን የገዙት በጥሊሞሶች እንዳሰፈሯቸው ጽፏል። ሰውየው ግን ደሴቷን አልረገጣትም፤ በአጠገቧ ነው ያለፈው። ታዲያ ከማን ሰማ? ከደሴቷ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ካገኛቸው ግሪክኛ ተናጋሪዎች!

የእስክንድርና የአርስቶትል ታሪክ የመጣው ግን ከዚያም በኋላ፣ በዓረብ ጸሐፊዎች ነው። እስክንድር የፈለጋት ለእሬቷ ነው ይላሉ። የእሱ ጦር እዚያ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

የዋሻው ግድግዳ

በ2000 የቤልጂየም ዋሻ አሳሾች ሆቅ በተባለው ትልቅ ዋሻ ውስጥ የጥንት መርከበኞች የተዉትን ጽሑፍ አገኙ። ከ200 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ብራህሚ በሚባለው የሕንድ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍም አለ፣ ጥቂት ግሪክኛም አለ። እና የእኛው የአክሱም ዘመን ፊደልም አለ! ከሶሪያ ፓልሚራ የመጣ አንድ ሰው የተወው የእንጨት ሰሌዳ 258 የሚል ዓመት ይዟል።

ስለዚህ ግሪኮቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከብዙዎቹ እንግዶች አንዱ ነበሩ።

ባለቤቶቹስ?

የደሴቷ ሰዎች ቋንቋ ሶኮትሪ ይባላል። ግሪክኛም ዓረብኛም አይደለም። እንደ ግዕዝና አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ዓረብኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው አይገባውም። ለዘመናት ፊደል ስላልነበረው ግጥሙም ተረቱም የኖረው በአፍ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩት በዓረብኛ ነው።

ደሴቷን ግን ሁሉም ይፈልጋታል። በ1507 ፖርቹጋሎች ምሽግ ያዙባት። በ1886 በእንግሊዝ ጥበቃ ስር ገባች። በ1967 የደቡብ የመን ሆነች። በ2018 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ወታደር አሰፈረች፤ በ2020 የደቡብ የመን ተገንጣዮች ተቆጣጠሯት። ዩኔስኮ በ2008 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባት ለዕፅዋቷና ለእንስሳቷ ነው፤ ከ825 የዕፅዋት ዝርያዎቿ 37 በመቶው ሌላ ቦታ አይገኝም። ያ ዣንጥላ መሳይ ዛፍ ራሱ አደጋ ላይ ነው፦ ችግኙን ፍየል ይበላዋል፣ በ2015 ደግሞ በተከታታይ የመጡ ሁለት አውሎ ነፋሶች ብዙ ዛፎችን ነቅለዋል።

ዛፉ ቢያንስ ካሜራ አለው። ቋንቋው ግን ድምፅ ሳያሰማ ሊጠፋ ይችላል። ግሪኩም፣ ሕንዱም፣ ዓረቡም የደሴቷን ስም በየራሱ ፈትቶታል፣ ፍቺውም ተጽፎ ቆይቶልናል። ሶኮትሪ ከጠፋ ግን የባለቤቶቹ ቃል የሚገኝበት ሌላ ዋሻ የለም።

ያ ቪዲዮ ሲመጣባችሁ "የእስክንድር ደሴት" ለሚላችሁ ጓደኛ ይህን ላኩለት።