በልቼ የተሸከሙት ድንጋይ

አንባቢ ሆይ፥ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ የምትባል ስፍራ አለች። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የልቼ ዕርቅ የተባለው የተፈጸመው በዚያ አካባቢ ነው።

በአንኮበር የአባቶቻቸውን አልጋ የያዙት ምኒልክ አስቀድመው ራሳቸውን «ንጉሠ ነገሥት» ብለው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ብርቱ ጦር አስከትለው ሸዋ በገቡ ጊዜ ግን እንደ አገራችን ልማድ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ከፊታቸው ቀረቡ። ያን ታላቅ ማዕርግ ተዉ፤ ግብርም ሊከፍሉ ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስም የሸዋን የንጉሥነት ዘውድ ጫኑላቸው።

«አቅም አጥተው ነው እንጂ ትሕትና አይደለም» የሚል አይጠፋም። ተማሪዎቼም በዚህ ይሞግቱኛል፤ እኔም ፈጽሜ አልክድም። ወንጌል ዝቅ የሚል ከፍ ይላል ሲል የሚያየው ልብን ነው፤ የምኒልክን ልብ ደግሞ እግዚአብሔር ያውቀዋል። እኔን ይልቁን የሚያስደንቁኝ ዮሐንስ ናቸው። ከግብፅ ጋር ያለው ነገር ገና አላለቀላቸውም ነበርና ስሌት የለበትም አልልም። ቢሆንም ኀይል በእጃቸው ሳለ፥ ተቀናቃኛቸውን ማሰር ሲችሉ፥ አነገሡ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ድንጋይ ተሸክመው የቀረቡት ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ደፉ።