ደረት ሳይሰነጠቅ የልብ ባይፓስ፦ ሮቦቱ ምን ይሠራል?

የሪያዱ የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2024 ለ16 ዓመት ታዳጊ ሙሉ በሙሉ በሮቦት የልብ ንቅለ ተከላ ማድረጉን አስታወቀ። ቡድኑን የመሩት ዶክተር ፊራስ ኻሊል ነበሩ። ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለብዙዎች የሚቀርበው ጥያቄ ባይፓስ ደረትን ሳይከፍቱ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው።

ባይፓስ ማለት የልብን ጡንቻ የሚመግበው ደም ስር ሲጠብ፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጤናማ ደም ስር ለደሙ ሌላ መንገድ ማበጀት ነው። ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ሆስፒታል የእግር ደም ስር መጠቀምን አስፋፉ። በ1986 የወጣ የዚያው ሆስፒታል ጥናት ደግሞ የደረት ውስጥ ደም ቅዳ የተቀጠለላቸው ሰዎች ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳየ። ከእግር የተወሰደው በዓመታት ውስጥ የመዘጋት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የደረቱ ግን ይበረታል።

ችግሩ ቦታው ነው። ይህ ደም ቅዳ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ጎኑን ይዞ ይወርዳል። በተለመደው መንገድ አጥንቱ በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ እስኪጠግግም ሳምንታት ይወስዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁስሉ የመመረዝ ስጋቱ ከፍ ይላል፤ ሳዑዲ ውስጥ ደግሞ ስኳር በጣም የተስፋፋ ሕመም ነው።

በሮቦት ሲሠራ የግራ ሳንባ ለጊዜው አየሩ ወጥቶ እንዲኮማተር ይደረጋል፤ በጎድን አጥንቶች መካከል በተከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ ከበሽተኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጦ አጉልቶ በሚያሳይ ባለ ሦስት አውታር ምስል እያየ፣ በእጁ እያዘዘ ደም ቅዳውን ከደረት ግድግዳ ቀስ ብሎ ያላቅቃል። ሮቦቱ በራሱ አይወስንም። ብዙ ጊዜ ደም ቅዳውን ከልብ ደም ስር ጋር የሚያገናኘው ስፌት የሚሠራው በጎድን አጥንቶች መካከል በምትከፈት አነስተኛ ቁስል፣ ልብ እየመታ ነው።

ዘዴው ለሁሉም አይሆንም። ብዙ ደም ስር የተዘጋበት ወይም ሳንባው የደከመ ሰው ሌላ መንገድ ሊሻለው ይችላል። መሣሪያው ውድ ነው፤ የሚነካውን ነገር ስሜትም ለሐኪሙ ጣት በሚገባ አያደርስም። በመሣሪያው ሙቀት የተጎዳ ወይም የተጎተተ ደም ቅዳ ከጠፋ፣ የጠባቧ ቁስል ጥቅም ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ሕመምተኛና ቤተሰብ ስለ ጠባሳው ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ቡድኑ ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርቷል? የተቀጠለው ደም ስር ክፍት ሆኖ መቆየቱንስ እንዴት ይከታተላል?