የቤት ጽናትና የኑሮ ደረጃ በሕፃናት ዕድል ላይ

ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ አባቱንና እናቱን አይመርጥም፤ የሚወለድበትም ቤት ሣር ይሁን ቆርቆሮ አስቀድሞ አያውቅም። ይሁን እንጂ የወላጆቹ በሰላም መኖርና አለመኖር፥ የጐተራቸውም መሙላትና መጕደል፥ ገና ፊደል ሳይቈጥር ብዙውን ዕድሉን ይወስንበታል።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ እንዳይመስል፥ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሪነት «ያንግ ላይቭስ» ተብሎ የተደረገው ረጅም ምርመራ ምስክራችን ነው። ምርመራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓመት በኢትዮጵያ፥ በሕንድ፥ በፔሩና በቬትናም ተጀመረ። በአገራችን በአዲስ አበባ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ በሚገኙ 20 ሥፍራዎች 3000 ያህል ሕፃናት ተመዘገቡ፤ ከነርሱም 2000ው የአንድ ዓመት፥ 1000ው የስምንት ዓመት ገደማ ነበሩ። ተመራማሪዎቹም በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሱ እነዚያኑ ልጆች ጠየቁ፥ ቁመታቸውን ለኩ፥ ትምህርታቸውን መረመሩ። የድኻው ልጅ ገና በሕፃንነቱ በቁመት አንሶ ተገኘ። ከመደበኛው ትምህርት አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርትም በአብዛኛው የደረሰው በከተማ ለሚኖሩና ለመክፈል ለሚችሉ ሰዎች ልጆች ነው፤ የገጠሩ ልጅ በዚያ ዕድሜው ጥጃ ይጠብቃል። በመካከለኛው የሕፃንነት ዕድሜ እናቱ የሞተችበት ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረቱም ከአባት ሞት ይልቅ ጐልቶ ታይቷል።

ሞት የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆናል፤ ፍች ግን የሰው ሥራ ነው። ባልና ሚስት ሊፋቱ ሽማግሎች በተቀመጡ ጊዜ በሬው ይቈጠራል፥ እህሉ ይሰፈራል፥ የቤቱ ክዳን ሳይቀር ይገመታል። የልጁ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊሄዱ ሲሉ ነው። በዚህም ጊዜ የሀብት ልዩነት ይገለጣል። ባለጸጋ ቢፋታ ልጁ ቤት ይለውጥ እንደሆነ ነው እንጂ ምግቡና ትምህርቱ አይቋረጥም። የድኻው ልጅ ግን ወደ ዘመድ ይላካል፤ ወንድ ቢሆን እረኛ፥ ሴት ብትሆን ውኃ ቀጂና ልጅ አዛይ ሆና ትቀራለች። ዘመድ ጋ ናት ስለሚባልም አገልጋይ መሆኗን የሚያይላት የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ብርቱ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት በእናታቸው ዘንድ እንዲቈዩ ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 213 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፥ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም መርምሮ እንዲፈርድ ያዛል። የገቢው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በባሏ ቤት ስትፈጭና ስትጋግር የኖረች ሴት ደመወዝ የላትምና፥ ገቢን ብቻ የሚመለከት ዳኛ ልጁን ካሳደገችው እጅ ይነጥቃል፤ ገቢን ፈጽሞ የማይመለከትም እናትንና ልጅን በአንድነት ያስርባል። የተሻለው ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ ቀለቡን አባትዮውን ማስከፈል ነው፤ ነገር ግን ይህን መጻፍ ቀላል፥ ማስፈጸም ከባድ ነው።

የድኻ ልጅ መውጫ አልነበረውም ለማለት አይደለም። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የተማረው የቈሎ ተማሪ ሊቅ ሆኖ በጉባኤ ተቀምጧል። ያ መንገድ ግን ለእኅቱ አልተከፈተላትም፤ በራብና በበሽታ በመንገድ የቀሩትንም የቈጠራቸው የለም። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ስለዚህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚያ ማዕድ የአባትን ስም ወይም ሀብት የሚጠይቅ የለምና።

በፍርድ ቤት ቀለብ ለማስወሰን ልጁ የማን እንደሆነና መቼ እንደተወለደ መታወቅ አለበት። ስለ ወሳኝ ኩነት በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዝዟል። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በዚያች ቀን አባትም እናትም በካህኑ ፊት ቆመዋል፥ የምዝገባውም ቀን ገና አላለፈም። ካህኑ ከጸሎቱ በኋላ ወላጆቹን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢመራቸው፥ የጽሕፈት ቤቱም ሹም ነገ ተመለሱ ሳይል ቢመዘግባቸው፥ ያ ወረቀት ከዓመታት በኋላ በዳኛ ፊት የልጁ ጠበቃ ይሆናል።