ከወሊድ በኋላ በሆድ ላይ ስለሚቀረው ሸንተረር

ከአራስ ቤት የወጡ ብዙ እመቤቶች መስተዋት ፊት ሲቆሙ፥ በሆዳቸውና በጭናቸው ላይ የተሰመረውን ሸንተረር አይተው ያዝናሉ። ሸንተረሩ የሚወጣው ሆድ ፈጥኖ ሲገፋ ከላይኛው ቆዳ በታች ያለው ክፍል ስለሚሰነጠቅ ነው፤ የእርግዝናውም ሆርሞን ያግዘዋል። እናቷ ሸንተረር የነበራት ሴት እርሷም ብታወጣ አያስደንቅም። እንግዲህ «ቅባት ባለመቀባትሽ ነው» እያለ አራሷን የሚወቅስ ሰው ተሳስቷል።

ለጋ ቅቤ፥ የወይራ ዘይትና የካካዎ ቅባት ቆዳን ያለሰልሳሉ፤ ማሳከክንም ያስታግሣሉ። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣ፥ 800 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 6 ጥናቶች የመረመረ ጽሑፍ፥ ቅባት ሸንተረር እንዳይወጣ ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ቢሆንም ቅቤ አይጎዳምና መቀባት የምትወድ ትቀባ፤ ሽታውን ባልዮው ከቻለው!

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ቆዳ ያቀላል እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው ቅባት ደግሞ ብርቱ ስቴሮይድ ሊኖርበት ይችላል፤ ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን እያሳሳ እርሱ ራሱ ሸንተረር ያወጣል። ሊያስለቅቁ ገዝተው ሌላ መጨመር ማለት ነው። ሬቲኖይድ የተባለውም መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ የምታጠባም እናት አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ።

አዲስ ሸንተረር ቀላ ወይም ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ወራት ሲያልፉ ግን እየደበዘዘና እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ጡቷን የተቀባች እናት ቅባቱ ወደ ሕፃኑ አፍ እንዳይገባ፥ ከማጥባቷ በፊት በለብታ ውኃ ትታጠበው።