ኤች አይ ቪ በደሟ የሚገኝ እናት ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ባለው የቦረና ደጋ ልጅ መውለድ ለቤተ ዘመድ ሁሉ ደስታ ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ የሚገኝ እናት ግን ከደስታዋ ጋራ ጭንቀት ይዛ ትውላለች፤ ይኸውም «ልጄ ይያዝብኝ ይሆን? ጡቴንስ ላጥባው ወይስ ልከልክለው? ሰው ቢያውቅብኝ ምን እሆናለሁ?» የሚል ነው። ለነዚህ ጥያቄዎች የሕክምና ጥበብ የሰጠውን መልስ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1ኛ፤ ስለ መተላለፉ። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእርግዝና፤ በምጥና በወሊድ፤ እንዲሁም በጡት ወተት ነው። ሕክምና ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት ይያዛሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን በየቀኑ ስትወስድ ግን ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መራባቱ ስለሚታገድ ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህም ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የበሽታው ደረጃ ሳይጠበቅ ወዲያው ትጀምራለች።

2ኛ፤ ስለ ወሊድ። በቤት ከመውለድ ይልቅ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል መውለድ ይገባል። መንገዱ ሩቅና ገደላም የሆነባት እናት ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት መልካም ነው። ሕፃኑም እንደ ተወለደ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በ6ኛው ሳምንት ገደማም ከተረከዙ ጥቂት ደም ተወስዶ ይመረመራል። የመጨረሻው ምርመራ ግን ጡት ከጣለ በኋላ ነው።

3ኛ፤ ስለ ጡት። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይጥባ፤ ውሃም ቢሆን አይጨመርለት። አዲስ የተወለደውን ሕፃን ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ለጋውን አንጀት ስለሚጎዳ ለቫይረሱ በር ይከፍታል። አማት ወይም ጎረቤት «ምነው ቅቤውን ከለከልሽው?» ብትላት እናቲቱ ምሥጢሯን መግለጥ አያስፈልጋትም፤ «ለሕፃን ሁሉ የታዘዘው ይህ ነው» ብትል እውነቱን ተናግራለች።

4ኛ፤ ስለ ጠበል። ጠበል ለመጠመቅ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው እንዲወሰዱ መክረው ነበር።

መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች ሆይ! ሐሜትን ፈርታ መድኃኒቷን የምትደብቅ እናት አንዳንድ ቀን ሳትውጠው ታድራለች፤ በዚህም የሚጎዳው ልጇ ነው። ስለዚህ አንደበታችንን እንግታ፤ ነፍሰ ጡር የሆነችውንም ሁሉ ከባለቤቷ ጋራ ቀርባ እንድትመረመር እንምከር።