የቧንቧ ሥራ መሣሪያዎች

የቧንቧ ሥራ መሣሪያዎች የውሃ መስመርንና የፍሳሽ መውረጃን ለመቁረጥ፣ ለማገጣጠም፣ ለመጠገንና ለመፈተሽ የሚያገለግሉ የእጅና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ናቸው። ሥራውን ለሚጀምር ሰው የትኞቹ መሣሪያዎች እንደሚያስፈልጉ በዋናነት የሚወስነው የቧንቧው ዓይነት ነው። ለብረት ቧንቧ የተሟላ የመሣሪያ ሣጥን ያለው ሠራተኛ የፕላስቲክ መስመር ሲገጥመው ባዶ እጁን የመጣ ያህል ይሆናል።

ምርጫው ቀላል የማይሆነው አብዛኛው መስመር በግድግዳና በወለል ውስጥ ስለሚቀበር ነው። ስህተቱ የሚታየው ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መጋጠሚያ በቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ ቢሆን፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ደግሞ ወደ 130 ሊትር ውሃ ግድግዳው ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ስያሜ

በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ብዙ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ሞርሳ (ማሰሪያ) እና ትራፓኖ (መብሻ) ከዚያው የተወሰዱ ናቸው። ቧንቧን በኩርባ የሚያገናኘው ጎሚቶ በጣልያንኛ ትርጉሙ «ክርን» ነው። ጂራቱቢ የሚባለው የቧንቧ መፍቻም «ቱቦ አዟሪ» ማለት ነው። መሣሪያዎቹን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ ያወቀ ተማሪ እነዚህን ስሞች ካላጠና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ መግባባት ይቸገራል።

የቧንቧ ዓይነትና መጠን

በቤት ውስጥ በብዛት የሚገኙት የውሃ ቧንቧዎች በዚንክ የተለበጠው የብረት ቧንቧና ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ናቸው። የብረቱ የሚገጠመው በጥርስ ነው። ፒፒአር በሙቀት ተበይዶ አንድ አካል ይሆናል። ለፍሳሽ የሚውለው ፒቪሲ ደግሞ በሙጫ ወይም በጎማ ቀለበት ይያያዛል።

ጀማሪን በቶሎ የሚያደናግረው የመጠን አጠራሩ ነው። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስሙ የቀረው ከድሮ የውስጥ ስፋት ነው። ፒፒአር ግን በውጭ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ስለሚጠራ በግማሽ ኢንች ቦታ የሚገባው 20 ሚሊ ሜትሩ ነው። መፍቻ፣ መቁረጫም ሆነ የመበየጃ ጭንቅላት ከመገዛቱ በፊት ይህ ልዩነት መታወቅ አለበት።

ጂራቱቢ

ክብ ብረትን ጨብጦ ለማዞር የተሠራ መፍቻ ነው። ዛሬ የሚታወቀውን ቅርጽ የሰጠው አሜሪካዊው ዳንኤል ስቲልሰን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እንደሚተረከው አሠሪዎቹ ናሙናውን ሠርቶ ወይ ቧንቧውን እንዲጠመዝዝ ወይ መፍቻውን እንዲሰብር ነገሩት፤ የተጠመዘዘው ቧንቧው ሆነ።

የላይኛው መንጋጋ ሆን ተብሎ ላላ ተደርጎ የተሠራ ነው። እጀታው ሲሳብ መንጋጋው ዘንበል ብሎ ቧንቧውን ይነክሳል፤ በበለጠ በተሳበ ቁጥርም ንክሻው ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጥርሶቹ ጠባሳ ስለሚተዉ በክሮም የተለበጠ የመታጠቢያ ቧንቧ ላይ መጠቀም ዕቃውን ያበላሻል። ለዚያ የሚሆነው መንጋጋው ለስላሳ የሆነና የሚሰፋ የሚጠብ መፍቻ ነው።

አንድ ጂራቱቢ ብቻ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። ቧንቧው ሲዞር በሌላ መፍቻ መገጣጠሚያው ካልተያዘ፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ተላልፎ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ደህና መጋጠሚያ ያላላል። ለቤት ሥራ ባለ 10 እና ባለ 14 ኢንች ሁለት መፍቻ ይበቃል፤ ባለ 14 ኢንቹ እስከ 2 ኢንች ቧንቧ ይይዛል። እጀታው ላይ ሌላ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም በየሥራው ቦታ ይታያል፤ መፍቻው ሲሰበር ወይም ሲያመልጥ ግን የሚጎዳው ሠራተኛው ነው።

መቁረጫና ጥርስ ማውጫ

ለብረት ቧንቧ ሰጌቶ ርካሹና አስተማማኙ መቁረጫ ነው። ምላጩ ሲመረጥ ቢያንስ ሦስት ጥርሶች በአንድ ጊዜ የቧንቧውን ግድግዳ እንዲነኩ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ይያዛል፣ ይሰበራል። ለስስ ቧንቧ በኢንች ከ24 እስከ 32 ጥርስ ያለው ይመረጣል። የጥርሶቹ ጫፍ ወደ ፊት መመልከት አለበት። ባለ ጎማ ምላጭ መቁረጫ ቀጥ ያለ ቅርጽ ይሰጣል፤ ነገር ግን የቧንቧውን ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚያጥፈው በሞረድ ወይም በመጥረጊያ መስተካከል ይገባዋል።

ጥርስ ማውጫው ያለ ሞርሳና ያለ ዘይት አይሠራም። ሲገዛም የጥርሱ ደረጃ መጠየቅ አለበት። ቢኤስፒ የሚባለው የእንግሊዝ ደረጃ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲሆን፣ ኤንፒቲ የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ 60 ዲግሪ ነው። በግማሽና በሦስት አራተኛ ኢንች ግን ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ አላቸው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ቢኤስፒ ላይ ጥቂት ዙር ያለችግር ይገባል፣ የገጠመም ይመስላል፣ በኋላ ያፈሳል። በካናፓም ሆነ በቴፍሎን ብዛት ይህን መሸፈን አይቻልም። ቴፍሎን ሲጠቀለልም አቅጣጫው ከጥርሱ መግቢያ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ይፈታል።

የፒፒአር መበየጃ

መበየጃው በቴፍሎን የተለበጡ ሁለት ጭንቅላቶች ያሉት ማሞቂያ ነው። አንዱ የቧንቧውን ውጭ፣ ሌላው የመገጣጠሚያውን ውስጥ በአንድ ጊዜ ያቀልጣል። የሥራ ሙቀቱ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሜትር 7 ሰከንድ፣ 32 ሚሊ ሜትር 8 ሰከንድ ይሞቃል። ከዚያ ሳይጠመዘዝ በቀጥታ ይገፋና እስኪጠነክር ሳይነቃነቅ ይያዛል።

እዚህ ላይ ስህተት በሁለት በኩል ይመጣል። ሙቀቱ ካነሰ መጋጠሚያው ላይ ላዩን ይያዝና ቆይቶ ያፈሳል። ሙቀቱ ከበዛ ወይም ቧንቧው ከልክ በላይ ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ የውሃውን መንገድ ያጠባል። ሁለተኛው የበለጠ ተንኮለኛ ነው፤ መስመሩ አያፈስም፣ ውጩ ያምራል፣ የሻወሩ ውሃ ግን ቀጭን ይሆናል፤ ምክንያቱንም ግድግዳ ሳይፈርስ ማግኘት አይቻልም። መከላከያው ርካሽ ነው፦ የሚገባውን ጥልቀት በእርሳስ ምልክት ማድረግና ሰከንዱን በሰዓት መቁጠር። ለ20 ሚሊ ሜትር ጥልቀቱ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መበየጃ ሲገዛ ሙቀቱን በትክክል የሚጠብቅ መሆኑ ከአብረቅራቂ ሣጥኑ ይልቅ መታየት አለበት። ጭንቅላቱ በካቻቪቴ ከተፋቀ ቴፍሎኑ ይለቅና ፕላስቲክ ይጣበቅበታል፤ የሚጸዳው ገና ትኩስ እያለ በጥጥ ጨርቅ ነው።

የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች

ለጀማሪ የግድ የሚሆኑት ግድግዳ የሚበሳ ባለ መዶሻ ትራፓኖና ግራይንደር ናቸው፤ መዶሻና መሮ ካሉ ግን ሁለቱም ሊዘገዩ ይችላሉ። ግራይንደር ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለ115 ሚሊ ሜትር የተሠራ ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይችላል፤ 230 ሚሊ ሜትሩ የሚችለው 6,600 ያህል ብቻ ነው። መከላከያ ቆቡን አውልቆ ትልቁን ዲስክ በትንሹ ማሽን ላይ ማሰር ዲስኩ ፊት ላይ እንዲፈነዳ መጋበዝ ነው። በዚንክ የተለበጠ ቧንቧን በግራይንደር መቁረጥም ጫፉ ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥላል፤ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። እርጥብ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ሶኬቱ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቋረጥ መከላከያ እንዳለው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ለፍሳሽ መስመር ከመቁረጫ ሌላ ዋናው መሣሪያ ውሃ ልክ ነው። ቀጭን የፍሳሽ ቱቦ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መዘቅዘቅ አለበት።

የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ

በእጅ የሚሠራ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና የግፊት መለኪያ ያለው ፓምፕ ነው። ብዙ ጊዜ ከመግዣ ዝርዝሩ የሚቀረው እሱ ነው፤ ግን ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ስህተትን የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ የለም። ቧንቧ ከፍቶ ውሃ መፍሰሱን ማየት ፈተና አይደለም። ከቧንቧው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው፤ የከተማው መስመር ውሃ ሲለቀቅ ግን ግፊቱ የዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሮቶ ያላፈሰ መጋጠሚያ በሌሊት ውሃ ሲመጣ የሚያፈሰው ለዚህ ነው።

ለሙከራ መስመሩ በውሃ ይሞላል፣ አየሩ በከፍተኛው ቦታ ይወጣል፣ ከዚያም ከሥራ ግፊቱ በ1.5 እጥፍ ያህል ይጫናል። ፒፒአር በግፊት ትንሽ ስለሚለጠጥ መለኪያው መጀመሪያ ላይ ዝቅ ቢል ወዲያው ማፍሰስ ነው አይባልም፤ ግፊቱ እንደገና ተሞልቶ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላም መርፌው መውረዱን ከቀጠለ መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ በደረቅ ወረቀት ይነካሉ። በውሃ ፈንታ በአየር መጭመቂያ መሞከር አደገኛ ነው፤ የታመቀ አየር ቧንቧው ሲሰበር እንደ ፈንጂ ይበትነዋል።